በመምህርነት ፈተና የወደቀው ሊቅ፦ ክሎድ ቤርናር



ባለፈው ሰሞን በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስለ ሆርሞን ስንማር ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ጓደኛችን እጁን አውጥቶ ጥያቄ አነሣ። ሆርሞን ማለት ከዕጢ ተነሥቶ በደም አማካይነት ወደ ሕዋስ የሚደርስ መልእክተኛ ከሆነ፣ መልእክተኛው ያው አንዱ ሆኖ ሳለ ሕዋሱ አንድ ጊዜ በብርቱ የሚታዘዘው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ እንዳልሰማ የሚሆነው ስለ ምንድን ነው የሚል ነበር። መምህራችን ጥቂት አሰብ አድርገው፣ የዚህ ጥያቄ መልስ ሕዋሱ የተቀመጠበትን አካባቢ ከማወቅ እንደሚጀምር፣ ይህንንም አስቀድሞ አጥብቆ ያስተማረው ክሎድ ቤርናር የተባለ ፈረንሳዊ መሆኑን ነገሩን። ሐሳባቸውን ሳይጨርሱ ደወል ተደወለ። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ስለዚሁ ሰው አንብቤ ያገኘሁትን እነሆ ለዚህ ሰሌዳ አቅርቤአለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑ ይታወቅልኝ።

ክሎድ ቤርናር የተወለደው ጁላይ 12 ቀን 1813 በፈረንሳይ አገር፣ ቦዦሌ በሚባለው የወይን ምድር፣ ከቪልፍራንሽ ከተማ አጠገብ በምትገኝ ሳን ዡሊየን በተባለች መንደር ነው። አባቱ ወይን አልሚ ገበሬ ነበር፤ የወይን ጠጅ ንግድም ሞክሮ አልሆነለትም። ስለዚህ ቤቱ የሞላ ቤት አልነበረም ማለት ነው። ልጁ መጀመሪያ ላቲን የተማረው ከመንደሩ ቄስ ዘንድ ነው። ቄስ ትምህርት ቤት ያለፍን ሰዎች ይህን ስናነብ ሰውየው ያን ያህል ሩቅ አይሆንብንም። ከዚያም በቪልፍራንሽና ቷሴ በተባለች ሌላ ከተማ ትምህርቱን ቀጠለ፤ ሆኖም ጎበዝ ተብሎ የተለየ ስም አላተረፈም። በመጨረሻም ትምህርቱን ትቶ በ18 ዓመቱ በሊዮን ከተማ ዳርቻ፣ ቬዝ በሚባል ሠፈር፣ ሚሌ ከተባለ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ በሥራ ተማሪነት ገባ።

በመድኃኒት ቤቱ ውስጥ ቴሪያክ የሚባል፣ ብዙ ነገር ተቀላቅሎበት ለብዙ በሽታ ይሆናል የተባለ አሮጌ መድኃኒት ይዘጋጅ ነበር። ወጣቱ እንዳየው የተበላሸውና ከሌላ ቅመማ የተረፈው ሁሉ የሚጠራቀመው ለዚሁ ለቴሪያክ ነው። ሕመምተኛው ግን በእምነት ይገዛዋል። ቤርናር በኋላ ዘመኑ ማስረጃ ሳያይ ምንም ነገር የማይቀበል ሰው የሆነው ከዚያች ጠርሙስ ጀምሮ ይመስለኛል። ወደ አጠገባቸው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትም መድኃኒት ያደርስ ነበር።

ልቡ ግን ከመድኃኒቱ ዘንድ አልነበረም። ማታ ማታ ቴአትር ማየት ለመደ፤ ሲያይ ሲያይ ራሱ መጻፍ ጀመረ። የሮን ጽጌረዳ የተባለች አስቂኝ ተውኔቱ በሊዮን ታይታ ተመልካች ወደደለት። ታዲያ ከዚህ ወዲያ ማን ይያዘው! በ1834 ባለ አምስት ገቢር የታሪክ ተውኔት ጽፎ በብብቱ ሸጉጦ ወደ ፓሪስ ወጣ። እዚያም ሳን ማርክ ዢራርዳን የተባለ የሶርቦን መምህርና የታወቀ ሐያሲ ድርሰቱን አንብቦ፣ ለእንጀራው የሚሆን ሙያ ቢይዝ፣ ጽሑፉን በትርፍ ጊዜው ቢያደርገው እንደሚሻለው፣ መድኃኒት ቤት ከሠራም ሕክምና ቢማር መልካም እንደሚሆን መከረው። ወጣቱም ምክሩን ተቀበለ። እኛ ብንሆን ኖሮ ሐያሲው ቀንቶብን ነው ብለን እናወራ ነበር እኮ።

በሕክምና ትምህርት ቤትም ቢሆን ከመካከለኛው ተርታ አላለፈም። በ1839 በሆስፒታል ተለማማጅ ሐኪም ለመሆን በተደረገው ውድድር ካለፉት 29 ሰዎች መካከል 26ኛ ወጣ። ዕድሉ የተከፈተው ግን በዚህ ልምምድ ላይ እያለ ፍራንሷ ማዣንዲ ከተባለ ኃይለኛ ሐኪም ጋር ሲገናኝ ነው። ማዣንዲ ኮሌዥ ደ ፍራንስ በተባለው ታላቅ ተቋም የሚያስተምር፣ ንድፈ ሐሳብ የሚባል ነገር የማይወድ፣ ሁሉን ነገር በሙከራ ካላየሁ የሚል፣ ጠባዩም ሻካራ የሆነ ሰው ነበር። የወጣቱን እጅ አይቶ በ1841 ለሙከራ ሥራው ረዳት አደረገው። ቤርናር በቢላዋና በመቀስ ሥራ የሚስተካከለው አልነበረምና በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከመምህሩ በለጠ።

በ1843 ስለ ጨጓራ ጭማቂ ጽፎ የሕክምና ዶክተር ሆነ። በማግስቱ ዓመት በ1844 በሕክምና ፋኩልቲ በመምህርነት ለመቀጠር አግሬጋሲዮን የተባለውን የውድድር ፈተና ወሰደ። ወደቀ። ይህ ፈተና የማስተማር ፈቃድ የሚሰጥ እንደመሆኑ ተፈታኙ በሰው ፊት ቆሞ ትምህርት ማቅረብና መከራከር ነበረበት፤ ቤርናር ደግሞ በቢላዋ እንጂ በአንደበት የሚታማ ሰው አልነበረም። እኔ ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ጥቂት ዝም አልኩ። የማስተማር ልምምድ ወጥቶ ጠመኔ በእጁ ይዞ ቃል የጠፋበት ሰው ሁሉ ይገባዋል። ዶክተር ተብሏል፤ መምህር ግን መሆን አልቻለም። ሐኪም ቤት ከፍቶ በሽተኛ ማየትም አልፈለገም። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ወደ መንደሩ ተመልሶ የገጠር ሐኪም ለመሆን እስከ ማሰብ ደርሶ ነበር።

በዚያ ጊዜ ሙከራውን የሚሠራው በጠባብ ሠፈር ውስጥ ባለች የግል ክፍል ነው። በሕይወት ባሉ እንስሳት ላይ ሙከራ የሚያደርጉትን ሰዎች ደግሞ ጎረቤት ይከሳቸዋል፤ ፖሊስ ይከታተላቸዋል። አንድ ቀን ቤርናር የጨጓራ ጭማቂ ለመቅዳት ከአንድ ውሻ ሆድ ላይ የብር ቱቦ ተከለ። ውሻው ሌሊት አምልጦ ከነቱቦው ጠፋ። ጥቂት ቀን አልፎ ቤርናር በሠፈሩ ፖሊስ አዛዥ ተጠራ። ሲሄድ ያ ውሻ አዛዡ ቤት ቁጭ ብሏል! ለካስ ውሻው የአዛዡ ኖሯል፤ ሚስቱና ልጁም በጣም አዝነዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ይክድ ነበር። ቤርናር ግን አዎን እኔ ነኝ አለና ቱቦውን አውጥቶ ውሻውን ሊያድነው ቃል ገባ፤ እየተመላለሰም አዳነው። ከዚያ ወዲህ አዛዡ ወዳጁ ሆነና ቤርናር ክፍሉን ወደ እሱ ሠፈር አስጠግቶ በከለላው ሥር ይሠራ ጀመር።

በ1845 ወዳጁ ኬሚስቱ ፔሉዝ መላ አበጀለትና የአንድ ፓሪሳዊ ሐኪም ልጅ የሆነችውን ፋኒ ማርቴንን አገባ። እውነቱን ለመናገር ጋብቻው የፍቅር ሳይሆን የመቻቻል ነበር፤ ሙሽራዪቱ ይዛው የመጣችው ገንዘብ ለምርምሩ መቀጠያ ሆነለት። እሷ ባሌ ጥሩ ገቢ ያለው ሐኪም ይሆናል ብላ ነው። ያገኘችው ግን ውሻና ጥንቸል ሲቀድ የሚውል ሰው ነው። የሁለቱ ነገር ወዴት እንደደረሰ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከዶክትሬቱ በኋላ የነበሩት እነዚያ ሥራ አጥ ዓመታት ናቸው እንግዲህ ቤርናርን ቤርናር ያደረጉት። በ1846 አንድ ቀን ከገበያ የተገዙ ጥንቸሎች መጡለት፤ ጠረጴዛው ላይ ሸኑ። ሽንታቸው ጥርት ያለና አሲድነት ያለው ሆኖ አገኘው። ሌላው ሰው ጨርቅ አምጡና ጥረጉት ይል ነበር። እሱ ግን ቆመና አሰበ። ሣር በል እንስሳ ሽንቱ ድፍርስና አልካላይን ነው፤ ጥርት ያለና አሲድ የሚሆነው የሥጋ በሎቹ ነው። ታዲያ ጥንቸል ከመቼ ወዲህ ሥጋ በል ሆነች? ምናልባት ከገበያ እስኪመጡ ሳይበሉ ቆይተው የገዛ ሥጋቸውን እየተመገቡ ይሆናል ብሎ ገመተ። ሣር ሰጣቸው፤ ሽንታቸው ደፈረሰ። አስራባቸው፤ ጠራ። ይህንኑ ደጋግሞ አየ፤ በፈረስም ላይ ሞከረው። በዚህም አልበቃውም፤ ለጥንቸሎቹ ቅቅል የበሬ ሥጋ አቀረበላቸው። ሌላ የሚበሉት ሲያጡ በሉት፤ ሽንታቸውም ጥርት እንዳለ ቆየ። ከዚያ ሥጋው እንዴት እንደተፈጨ ለማየት ሲቀድዳቸው ከአንጀት ስብ የሚቀበሉት ቀጭን ሥሮች ነጭ መሆን የሚጀምሩት የቆሽት ጭማቂ ወደ አንጀት ከሚፈስበት ቦታ በታች መሆኑን ተመለከተ። እንዲህ በማድረግ የቆሽት ጭማቂ ስብን እንደሚፈጭ ደረሰበት። ከጥንቸል ሽንት ተነሥቶ እዚህ መድረስ ነው እንግዲህ ምርምር ማለት።

ቀጥሎ የመጣው የስኳር ነገር ነው። በዚያ ዘመን የታወቁት ሊቃውንት የሚያስተምሩት ስኳር የሚሠራው ዕፀዋት ብቻ ነው፣ እንስሳ ግን የተሠራውን በልቶ ያቃጥላል እንጂ ራሱ አይሠራም የሚል ነበር። ቤርናርም ይህንኑ አምኖ የተበላው ስኳር በሰውነት ውስጥ የት ቦታ እንደሚጠፋ ለማወቅ ተነሣ። ለውሾች ጣፋጭና ስታርች ያለበት ምግብ አበላ፤ ከጉበት ወደ ልብ በሚሄደው ደም ውስጥ ስኳር አገኘ። መልካም። ግን ጠንቃቃ ነበርና ለሌሎች ውሾች ደግሞ ሥጋ ብቻ ሰጠ። ከእነዚህም ጉበት በሚወጣው ደም ውስጥ ስኳር ተገኘ! እንዲያውም ከአንጀት ወደ ጉበት በሚገባው ደም ውስጥ ሳይቀር አየ። ይህ ሊሆን አይችልም፤ አንጀቱ ውስጥ ስኳር የለማ። ሲመረምረው የውሻው ሆድ ሲከፈት ደሙ ከጉበት ወደ ኋላ ይመለስ ኖሯል። ስለዚህ አስቀድሞ ሥሩን በክር አሠረና እንደገና ለካ። ወደ ጉበት የሚገባው ደም ስኳር የለበትም፤ የሚወጣው አለበት። ይህ የሆነው በ1848 ነው። ጉበት ስኳር ይሠራል ማለት ነው።

ተቃዋሚ አልጠፋም። ስኳሩ ከምግብ የተጠራቀመ ነው የሚሉ ተነሡ። በ1855 ቤርናር የአንድ ውሻ ጉበት ገና እንደሞቀ አወጣና በደም ሥሩ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ለ40 ደቂቃ ያህል አሳለፈበት፤ ስኳሩ ታጥቦ አለቀ። ልኬቱን ሁለት ሁለት ጊዜ መሥራት ልማዱ ነበር፤ ያን ቀን ግን ቸኩሎ ስለነበር ሁለተኛውን ለነገ አሳደረው። በማግስቱ ሲመለስ ያ የታጠበ ጉበት በስኳር ተሞልቶ አገኘው። ከሞተ እንስሳ የወጣ፣ ደም የሌለበት ጉበት ሌሊቱን ስኳር ሲሠራ አደረ! ስለዚህ ጉበቱ ውስጥ ወደ ስኳር የሚለወጥ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። በ1857 ያንን ነገር ነጥሎ አወጣው፤ ግላይኮጅን አለው። መቸኮል ለምርምር ይጠቅማል ማለቴ አይደለም፤ ሌላው ሰው ቢሆን ያደረውን ጉበት ይጥለው ነበር ማለቴ ነው።

በእነዚህ ዓመታት ክብሩም ተከትሎ መጣ። በ1854 በሶርቦን ፕሮፌሰር ሆነ፤ የሳይንስ አካዳሚ አባልም ተደረገ። በ1855 ማዣንዲ ሲሞት ወንበሩን ወረሰ። ያ ማስተማር አትችልም ተብሎ የተመለሰ ሰው የሚያስተምርበት አዳራሽ ከብዙ አገር በመጡ ሐኪሞች ይሞላ ነበር። ኩራሬ የተባለው መርዝ ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚሄደውን ትእዛዝ እንደሚያቋርጥ፣ ነርቭ የደም ሥርን እንደሚያጠብና እንደሚያሰፋ፣ የከሰል ጭስ መርዝ ከደም ጋር ተጣብቆ ኦክሲጅንን እንደሚያባርር ያሳየው ይኸው ሰው ነው። እነዚህን በሰፊው አልሄድባቸውም፤ ወደ ጓደኛችን ጥያቄ ልመለስ።

ጉበት ሐሞቱን በቱቦ ወደ አንጀት ያፈሳል፤ ይህ ወደ ውጭ ነው። ስኳሩን ግን በቀጥታ ወደ ደም ይሰጣል፤ ቤርናር ይህንን በ1855 ውስጣዊ ማመንጨት ብሎ ሰየመው። ስኳር ራሱ ሆርሞን አይደለም፤ ነገር ግን አንድ አካል በደም አማካይነት ለሌላው አካል አንድ ነገር ይልካል የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ተተከለ። ሁለተኛውና ትልቁ ሐሳቡ የአካባቢ ነገር ነው። እኛ የምንኖረው አየርና ፀሐይ ባለበት ውጪያዊ አካባቢ ነው። ሕዋሳችን ግን ይህንን ዓለም አያውቀውም። የሕዋስ ዓለም በዙሪያው ያለው ፈሳሽ ነው፤ ሙቀቱ፣ ጨውና ውሃው፣ ስኳሩና ኦክሲጅኑ። ቤርናር ይህንን ውስጣዊ አካባቢ አለው። ውጪው ቢበርድ ቢሞቅም ይህ ፈሳሽ ከልኩ እንዳይወጣ ሰውነት ያለ ዕረፍት እንደሚጠብቀው፣ እንስሳ በክረምትም በበጋም እንደልቡ ለመንቀሳቀስ የቻለው በዚህ ምክንያት መሆኑን አስተማረ። አሜሪካዊው ዋልተር ካነን በ1926 ለዚህ ጥበቃ ሆሚዮስታሲስ የሚል ስም አወጣለት።

ነገሩን ወደ ራሳችን እናምጣው። የአንድ ሰው ደም 5 ሊትር ያህል ቢሆን በውስጡ በአንድ ጊዜ ያለው ስኳር 5 ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። አንጎላችን ብቻውን ይህንን ያህል በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ታዲያ እንዴት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ይማራል? ጉበቱ ነው የያዘው፤ በውስጡ ያስቀመጠውን 100 ግራም ያህል ግላይኮጅን እየቆነጠረ ወደ ደሙ ይለቃል። የሚያዝዘው ደግሞ ከቆሽት የሚመጣ ግሉካጎን የተባለ ሆርሞን ነው። ሰውየው ከበላ በኋላ ኢንሱሊን ይመጣና ያንኑ ጉበት አስቀምጥ ይለዋል። ሕዋሱ ያው ነው፤ የተለወጠው አካባቢው ነው።

ቤርናር ይህንን ሁሉ አላወቀም። ሆርሞን የሚለውም ቃል በ1905 በእንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ የመጣ ነው፤ እሱና ቤይሊስ በ1902 ከአንጀት ግድግዳ የሚነሣ ሴክረቲን የተባለ ነገር በደም ሄዶ ቆሽትን እንደሚያሠራ አሳይተው ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ተመራማሪዎች የጓደኛችንን ጥያቄ ቁልጭ አድርገው መልሰዋል። አሜሪካዊው ኧርል ሰዘርላንድ ያንኑ የቤርናርን የጉበት ስኳር ሲከተል፣ አድሬናሊን ወደ ሕዋሱ ሳይገባ በደጅ ቆሞ በውስጥ ሌላ መልእክተኛ እንደሚያስነሣ ደረሰበትና በ1971 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ሆርሞኑ የሚያርፍበት መቀበያ በሕዋሱ ላይ መኖር አለበት፤ ሆርሞን ያለ ልክ ለረጅም ጊዜ ሲጎርፍ ሕዋሱ መቀበያውን ይቀንሳል። ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ካነሰ አድሬናሊን ብቻውን እንደልቡ አይሠራም። የሚሠራ ጡንቻ ደግሞ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ስኳር ከደም ይስባል። ለፕላስቲክ ሥራ የሚያገለግለው ቢስፌኖል ኤ የተባለው ኬሚካል ደግሞ ከውጭ መጥቶ በኤስትሮጅን መቀበያ ላይ እንደ ባለቤት ያርፋል።

ከሁሉም ይልቅ እኔን የገረመኝ የጡት ሕዋስ ነገር ነው። በ1980ዎቹ በአሜሪካ በርክሌይ ሚና ቢሰልና ባልደረቦቿ የአይጥን የጡት ሕዋሳት በጠንካራ ፕላስቲክ ሳህን ላይ አሳደጉ። ፕሮላክቲን የተባለው የወተት ሆርሞን ተጨመረላቸው፤ ኬዚን የተባለውን የወተት ፕሮቲን ግን በደንብ መሥራት አቃታቸው። እነዚያኑ ሕዋሳት በሰውነት ውስጥ ከሥራቸው እንደሚነጠፈው ባለ ለስላሳ ምንጣፍ ላይ ሲያኖሯቸው ግን ክብ ክብ ሠርተው ወተታቸውን ማውጣት ጀመሩ። ሆርሞኑ አንድ፣ ሕዋሱ አንድ፤ ልዩነቱ የተቀመጠበት ነገር ብቻ። ዛሬ ከዶክትሬታቸው በኋላ በየቤተ ሙከራው ሕዋስ የሚያሳድጉ ወጣት ተመራማሪዎች ስለ ሆርሞኑ መጠን ብቻ ሳይሆን ስለ ሳህኑ ልስላሴ፣ ስለ ኦክሲጅኑና ስለ ስኳሩ መጠን የሚጨነቁት ለዚህ ነው።

የቤርናርንም ስሕተት ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በ1849 ከአንጎል ሥር አንድ ቦታ በመርፌ ሲወጋ የጥንቸል ሽንት ስኳር እንደሚሞላ አገኘ። ከዚህም የተነሣ የስኳር በሽታ መነሻ ጉበትና ነርቭ ነው ብሎ አጥብቆ ያዘ። ቆሽትንም በሚገባ የሚያውቀው እሱ ነበር፤ በቱቦው ስብ አስገብቶ ቆሽት እንዲበላሽ እስከ ማድረግ ሄዷል። እንስሳው ግን የስኳር በሽታ አልያዘውም፤ የቱቦው ሥራ ሲቆም ወደ ደም የሚያመነጩት የቆሽት ሕዋሳት ሳይሞቱ ቀርተው ነበርና። ስለዚህ ቆሽትን ተወው። እሱ ከሞተ ከ11 ዓመት በኋላ በ1889 ፎን ሜሪንግና ሚንኮቭስኪ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የአንድ ውሻ ቆሽት ሙሉ በሙሉ ሲያወጡ ውሻው ወዲያው የስኳር በሽታ ያዘው። ኢንሱሊን በካናዳ እስኪገኝ ድረስ ደግሞ እስከ 1921 ተቆየ። ውስጣዊ ማመንጨት የሚለውን ስም ያወጣው ሰው በእጁ ይዞት የነበረውን አካል ውስጣዊ ማመንጨት አለማየቱ ይገርማል። መምህሮቻችን በትልቅ ሰው ስም አትታለሉ የሚሉን ለዚህ ይሆናል።

አሁን ወደ ቤቱ ልመለስ። ሁለት ወንዶች ልጆች ወልደው በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው፤ ሁለት ሴቶች ልጆች አደጉ። ባለቤቱ ፋኒ እንስሳ በሕይወቱ መቀደዱን ፈጽሞ ጠላች፤ ሴቶቹ ልጆችም የእናታቸውን ወገን ያዙ። አባትየው ደግሞ ቀኑን ሙሉ እርጥብና ጨለማ በሆነ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ ማደንዘዣ እንደልብ ባልነበረበት ዘመን የተጀመረ ሥራ መሆኑንም መርሳት የለብንም። በ1860ዎቹ መጀመሪያ የሆድ ሕመም ጸናበትና ሥራውን እየተወ ወደ ሳን ዡሊየን የሚመለስበት ጊዜ በዛ። አባቱ የደከመበትን የወይን ቦታ ሲያይ፣ ወይን ሲለቅም፣ ሲያስብና ሲጽፍ ቆየ። የሙከራ ሕክምና ጥናት መግቢያ የተባለው መጽሐፉ በዚህ ዕረፍት ተጽፎ በ1865 ወጣ። ያ የጥንቸሎቹም፣ የታጠበው ጉበትም ታሪክ እዚያ ውስጥ ይገኛል፤ የተሳሳተባቸውንም ጭምር ሳይደብቅ ጽፏቸዋል። በ1868 የፈረንሳይ አካዳሚ አባል ሆነ፤ በወጣትነቱ በተውኔት ሊገባበት የተመኘውን የጸሐፊዎች ማኅበር በሳይንስ በር ገባበት ማለት ይቻላል። በማግስቱ ዓመት ናፖሊዮን ሦስተኛ ሴናተር አደረገው። በዚያው ሰሞን ከሚስቱ ጋር በሕግ ተለያየ።

በእኔ በኩል በፋኒ መፍረድ ያቅተኛል። የሰውየውን ታሪክ የጻፉት አብዛኞቹ ምስኪኑን ሊቅ ያስጨነቀች ክፉ ሴት አድርገዋታል። ገንዘቧ ለሙከራው ወጥቷል፤ ቤቷ ደም ደም ሸቷል፤ የውሻ ጩኸት የሰማ ሰው ደግሞ ጩኸቱ ለሳይንስ ነው ቢባል ጆሮው አይደፈንም። በሌላ በኩል የስኳር ሕመምተኛ ዘመድ ያለው ሰው የእነዚያን ውሾች ውለታ አይክድም። ሁለቱንም ነገር አንድ ላይ ይዞ መሄድ ከባድ ነው።

ክሎድ ቤርናር ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1878 በፓሪስ ሞተ። ዕድሜው 64 ዓመት ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት ሥርዓተ ቀብሩን በራሱ ወጪ አስፈጸመ፤ ለሳይንስ ሰው እንዲህ ያለ ክብር ሲሰጥ በአገሩ የመጀመሪያው ነበር። ሕዝብ በብዛት ወጥቶ ሸኘው። ሚስቱና ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ ግን ከዚያ በኋላም ለእንስሳት በመቆርቆር ጸኑ፤ በየመንገዱ የተጣሉ ውሾችና ድመቶችን እየሰበሰቡ ያሳድጉ ነበር።